ነገር የሚያውቅ ማሽን

በግላስጎው ከተማ፣ ከቦዩ ዳር ካለው ፋብሪካ
ሸክላ ማጫወቻ ነበር ሥራችን፣ ሚዛኑ በጠጉር የሚለካ፤
መርፌዋ ሸክላው ላይ ስታርፍ ትንፋሽ እንኳ እንዳያውካት
እኔ ነበርኩ አጎንብሼ፣ በማጉያ መነጽር የማያት።

አንድ ማለዳ ፊንላግ መጣ፣ ካፖርቱ ዝናብ እያንጠባጠበ፣
በእጁ የዕቃ ቤት ዝርዝር፣ ጮክ ብሎ እያነበበ፦
«ይሄ ኮምፒውተር ቁጥር እንጂ ነገር አያውቅም፣
ሳጥኑን ከሸክላው፣ መርፌውን ከዋጋው አይለይም።
ትናንት የደንበኛ ስልክ ቁጥር ደምሮ ከደመወዛችን ጋራ
ሂሳብ ብሎ አወጣልኝ፣ ሳያፍር፣ ሳይፈራ።
ነገር የሚያውቅ ማሽን ነው የሚያስፈልገን፣ ከአጥንቱ!»

ሳቅን። ነገር በቤታችን መቼ ጠፋ፣
ግሪዘል ብቻዋን ትበቃ የለ፣ ጧት ማታ ለነገር ስትለፋ!

እሱ አልሳቀም። የማሸጊያ ካርቶን ገልብጦ በጠመኔ ጻፈ፦
ነገር ሁሉ ስም አለው። ወገን አለው። ልክ አለው።
በር አለው፤
ይንኳኳል እንጂ አይሰበርም።
ሆዱን አትክፈት፤ ጠይቀው፤ መልሱን እሱ ያውቃል።
«ይህን ሕግ» አለ፣ «ፕሮግራም ላይ ብንጽፈው ሰው ይሽረዋል፤
ድንጋዩ ላይ እንጻፈው፣ ሲሊከኑ ላይ፤ ማን ይከራከረዋል?»

ሦስት ክረምት ፈጀ፤ እዚያ ክረምቱ ከበጋው የሚለየው በስም ነው።
ስድስት ጊዜ ሞተብን፦ አንዴ በሙቀት፣ አንዴ በአቧራ፣
አንዴ ከግሪዘል የሱፍ ሹራብ በዘለለች ብልጭታ።
ጣቴም ሙያ ለወጠ።
በሰም አጣብቀው ይቆርጡታል፣ እኔ በወርቅ እሰፋዋለሁ፣
ከጠጉር በቀጠነ ሽቦ፣ ትንፋሼን ውጬ እይዘዋለሁ፤
ውስጡ ምን እንዳለ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣
ያኔም አላወቅሁት፣ ዛሬም፤ አውቅ ነበር ብዬ ልዋሽሽ?

በመጋቢት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣
አረንጓዴው ስክሪን ፊት ቆምን፣ አራታችንም፣ ካልሲያችን ርሶ።
ፊንላግ ጻፈ፦ ምንድን ነህ?
ነገሩ አሰበ።
ሸክላ ነኝ፣ አለ። ዙሬ በደቂቃ ሠላሳ ሦስት ከሲሶ።
ግሪዘል፣ ያቺ ነገረኛ፣ አፏን ይዛ ወጣች፤
ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «ብርዱ ነው» አለች።

መጥረጊያም ነበረው፣ ሆዱ ውስጥ፣ እንቅልፍ ሳያምረው የሚሠራ፤
ማንም የማይጠቅሰው ነገር፣ ስሙ ከየትም የማይጠራ፣
ተጠርጎ ቦታውን ለባለተራ ይለቃል።
ፊንላግ ይህን «ምሕረት» ይለው ነበር።
እኔ ሌላ ስም ነበረኝ፤ አልተናገርሁም።

ከዚያማ ተራ ማሽን መጣ፣ ከባሕር ማዶ፣ በርካሽ፣
ምንም የማያውቅ፣ ግን የሚሮጥ፣ እንደ ነፋስ ገስጋሽ።
የኛው አንድ በር አንኳኩቶ «ማነው?» እስኪባል ድረስ
እሱ ዐሥር በር ሰብሮ ገብቶ፣ መልሱን ይዞ ሲመለስ።
ገዢ ምን ይፈልጋል? መልስ ነው። ስለ በሩ ማን ይጠይቃል።

ኋላ የተረፈውን ቦዩ ውስጥ ጣሉት ይባላል።
ይባላል አትበዪ፤ ጋሪውን የገፋነው እኔና ግሪዘል ነን፤
አርባ ሁለት ሳጥን፤ ዳክዬዎቹ ዳቦ መስሏቸው ተከተሉን።
ፊንላግ ድልድዩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ሲጋራ ለኮሰ፤
ዝናቡ ሦስት ጊዜ አጠፋበት፤ አራተኛውን ወደ ኪሱ መለሰ።
አበርዲን ሄዶ የመርከብ ሬዲዮ ይጠግናል ሲሉ ሰማሁ፤
አንድ ደብዳቤ ጻፍኩለት። በሩ አልተከፈተም።

አንዷን ግን ጓንቴ ውስጥ ደብቄያት ነበር። ያቺ ናት፣
የማድ ቤቱ መስኮት በነፋስ እንዳይንኳኳ የሸጎጥኳት።

አሁን አንቺ፣ ኤልስፔት፣ የሰባት ዓመት መሐንዲስ፣
የቅቤ ቢላ ይዘሽ መጣሽ፣ ክዳኗን ልትፈለቅቂ፤
«ውስጧ ምን አለ?»
ተዪ። ቢላውን አስቀምጪ። ሆዷን አትክፈቺ።
ጠይቂያት።

ጎንበስ ብለሽ፣ አፍሽን አስጠግተሽ፣ በሹክሹክታ ጠየቅሻት፤
እኔም ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው አነሣሁ፣ ፉጨቱ እንዳያውካት።